እግሬ ነው፣ ጋሼ

በሰፈራችን መኪና ከሚነዳው ሰው ግማሹ ከአሰልጣኙ ጎን ተቀምጦ የተማረ ነው፤ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ኑሮው ከመሪው ኋላ ሳይሆን ከመሪው ጎን ባለው ወንበር ላይ ነበር። የማሰልጠኛዋን መኪና ታውቋታላችሁ። ጣራዋ ላይ «ተማሪ» የሚል ሳጥን ተሸክማ ታዘግማለች፤ ከኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋባታል። በአሰልጣኙ በኩልም ሁለተኛ ፍሬንና ሁለተኛ ፍሪሲዮን ተገጥሞላታል፤ ሰልጣኙ ሲደናገር እሱ እንዲረግጥ።

መንገዱን ግን ብዙም አያይም ነበር። የሚያየው የሰልጣኙን እግር ነው።

«ሰው ፊቱን ያስተካክላል» ይላል። «አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ እጁን መሪው ላይ ያሳምራል። እግሩን ግን ማንም አያስታውሰውም። እኔ ሰውን የማውቀው በእግሩ ነው።»

ፈተና የሚወድቀውን ብቻ ሳይሆን፣ ከባለቤቱ ተጣልቶ የመጣውንም ከእግሩ አውቃለሁ ይል ነበር። እኔን አንድ ጠዋት «ዛሬ ቁርስ ሳትበዪ ነው የመጣሽው» ብሎኛል። በልቼ ነበር። ግን እንደዚያ እርግጠኛ ሆኖ ሲናገር ማን ይከራከረዋል?

ይህ ሰው አንድ ምኞት ነበረው፤ ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ትንሽ የስፖርት መኪና። አዲስማ በህልሙም አልመጣችም፤ ያገለገለች ትሁን፣ ግን ስትነሳ የምትነሳ። ሹራቡን እስከ አንገቱ ቆልፎ የሚሄድ፣ የመነጽሩን እጀታ በክር ያሰረ ሰው እንዲህ ያለች መኪና ሲመኝ ማን አይስቅም። እኛም ስቀናል። እሱ ግን ምክንያት ነበረው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስሰደብ ነው የኖርኩት» አለኝ አንድ ቀን። «ከኋላ ጥሩምባ፣ ከጎን ስድብ። አንድ ቀን እንኳ ራሴ ነድቼ፣ ማንም ሳይቀድመኝ ያን የሰፈራችንን ዳገት ብወጣው ምን አለበት?»

ገንዘቡ የመጣው ከባለቤቱ ነው። እሷ የሆስፒታል አንሶላ የምትተኩስ ሴት ናት፤ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ቆማ ትውላለች። የአባቷ ቤት ተሸጦ ለልጆቹ ሲከፋፈል ድርሻዋ ደረሳት፤ በሕይወቷ አንድ ጊዜ እጇ የገባ፣ ሁለተኛ የማይገባ ገንዘብ። ታላቅ እህቷ ደግሞ ዳገቱ ጫፍ ላይ ትኖራለች። ጉልበቷ አልታዘዝ ስላላት ከቤት አትወጣም። ባለቤቱ ልትጠይቃት የምትሄደው በአውቶቡስ ነው፣ አውቶቡሱ ደግሞ ያጥወለውላታል፤ እዚያ ስትደርስ ጠያቂዋና ታማሚዋ የትኛዋ እንደሆነች አይለይም።

«መኪና ይሁን» አለች፣ ነገሩ ሲነሳ። «ግን አራት በር።»

«የስፖርት መኪና ሁለት በር ነው።»

«ሌሎቹ ሁለቱስ፣ ሌባ ወሰዳቸው?»

«እኛስ ስንት ነን? ሁለት አይደለን?»

ሳቀችና ተሸነፈች። ከዚያ ሳቋን ትታ፣ «ስማኝ፣ እኔ ስለ መኪና የማውቀው ነገር የለም። በአንተ ቃል ነው የማወጣው» አለችው። እዚያው ነበርኩ፤ ብርጭቆውን አስቀምጦ «በእኔ ቃል» ሲላት ሰምቻለሁ።

እዚህ ላይ እግሬን ላስተዋውቃችሁ። እግሬ የአንድ የድሮ ሰልጣኝ ቅጽል ስም ነው፤ በሌላ ስም ሲጠራ ግን ሰምቼ አላውቅም። ገና ጎረምሳ ሳለ ነው መንዳት ሊማር የመጣው፣ አባቱ የሞተበት፣ አንድ ሸሚዝ እያጠበ የሚለብስ ልጅ። ጎበዝ ነበር፣ የግራ እግሩ ግን አስቸገረው። ፍሪሲዮን ማርሽ ሲቀየር ተረግጦ ወዲያው የሚለቀቅ ነገር ነው፤ እሱ እንደ በርጩማ ያርፍበታል። እግር ሲያርፍበት ደግሞ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም፣ ውስጥ ያለው ዲስክ እየተፋጨ የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

«እግርህ» ይላል አሰልጣኙ።

«እግሬ ነው፣ ጋሼ» ይላል ልጁ፣ እያነሳ።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እግርህ»፣ «እግሬ ነው፣ ጋሼ»። ሌሎቹ ሰልጣኞች እየሳቁ ስሙን እግሬ አሉት። ፈተናውን ደጋግሞ ወድቆ ማሰልጠኛው ሊያሰናብተው ሲል፣ አሰልጣኙ የምሳ ሰዓቱን እየተወ በነፃ አስተማረው። በመጨረሻ አለፈ። መጀመሪያ ሾፌር ሆነ፣ ከዚያ የመኪና ደላላ፤ የሚያብረቀርቅ ጫማ ማድረግ ጀመረ። አሰልጣኙን ግን አልረሳም። ብቅ እያለ «እኔ አባት አለኝ ብዬ የማወራው እርስዎን ነው» ይለዋል፤ አሰልጣኙም ይህን የሰማ ቀን ለሰፈሩ ሁሉ ሳይናገር አያድርም።

ታዲያ መኪና ሲፈለግ ወደ ማን ይኬዳል?

እግሬ ያመጣት መኪና የብርቱካን ቀለም ነበረች፤ ሰፈሩ ወዲያው ካሮት አላት። ዝቅ ያለች፣ ከኋላ ቆረጥ ያለች፣ ወንበሮቿ ወገብ አቅፈው የሚይዙ። ዋጋዋ ከመሰሎቿ ረከስ ይላል፤ «የመኪናዋ ባለቤት ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ቸኩሎ ነው» አለ እግሬ። አሰልጣኙ ዞራት፣ ጎማዋን በመዳፉ ዳበሰ፣ ኮፈኗን ከፍቶ ዘይቷን አየ። ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ ለመደበቅ መነጽሩን ሦስት ጊዜ ጠረገ።

«ይንዷት እንጂ፣ ጋሼ» አለ እግሬ፣ ቁልፉን ዘርግቶ።

ከገበያው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ነዳት። ሜዳው ጠባብ ስለሆነ ከሁለተኛ ማርሽ አላለፈም። አንድ ሁለቴ ከዞረ በኋላ አቁሞ ወረደ።

«አሁን አንተ ያዝ፣ ወደ ዳገቱ እንውጣ። እኔ መኪና የሚገባኝ ከጎን ስቀመጥ ነው።»

ጉራ አልነበረም። ዕድሜ ልኩን እንደዚያ ነው የሠራው፤ እሱ ያስተማረው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ባለቤቱ ከኋላ ተቀምጣለች፣ ጉልበቷ አገጯ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ዳገቱ ሲጀምር እግሬ ማርሹን ወደ ሦስተኛ አስገባ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን ጩኸቱን ያህል አልሄደችም። ሌላ ገዢ ቢሆን ኖሮ የሞተሩን ዙር የሚያሳየውን ሰዓት ያይ ነበር። የአሰልጣኙ ዓይን ግን ወደ ለመደው ሄደ፣ ወደ ግራ እግር። የሚያብረቀርቀው ጫማ ፍሪሲዮኑ ላይ አርፏል፤ ልክ እንደ ድሮው።

«እግርህ» አለ።

«እግሬ ነው፣ ጋሼ» አለ እግሬ። «አልተወኝም እኮ።»

«ምንድነው የሚሸተው?» አለች ባለቤቱ ከኋላ።

«የሱ እግር ነው» አለ አሰልጣኙ።

«እንዴ፣ እስከዚህ ይሸታል?»

ሦስቱም ሳቁ። እግሬማ እንባውን እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። አሰልጣኙ ሆዱ በደስታ ሞላ፤ ዓመታቱ ተመልሰው፣ ያ ባለ አንድ ሸሚዝ ልጅ ጎኑ የተቀመጠ መሰለው። የእግሬን ጉልበት መታ መታ እያደረገ፣ «መኪናዋ ምንም የላትም። ሁሉም ካንተ ነው» አለው።

እግሬ ፈገግ ብሎ መንገዱን አየ።

ማታ ባለቤቱ «ለማንኛውም መካኒክ አያያትም?» ብላው ነበር። «ደግሞ ለመካኒክ? ምንም የላትም አልኩሽ እኮ» አላት፣ ትንሽ ቅር ብሎት። «እሺ፣ በአንተ ቃል» አለችና ተወችው።

ውሉ የተፈረመው እነሱ ቤት ነው። እግሬ ካሮትን በሌላ ሰው አስነድቶ፣ ራሱ በግራጫ መኪናው ተከትሎ መጣ። ተፈራርመው፣ ሻይ ተጠጥቶ፣ ቁልፉ በእጅ ተሰጥቶ ተሳሳቁ። ሲሄድ አሰልጣኙና እኔ ደጅ ቆመን ሸኘነው። መንገዳችን ከበራቸው ጀምሮ ሽቅብ ነው። ግራጫዋ መኪና ያንን ሽቅብ ውሃ ላይ እንደሚንሸራተት ነገር ወጣችው፤ ማርሽ መቀየሩ እንኳ አልተሰማም።

አሰልጣኙ ወደኔ ዞረ። «አየሽው? አንዴ ስነግረው ወዲያው አስተካከለ። ልጅ ማለት እንዲህ ነው።»

እኔም አዎ አልኩ። ምን ልበል?

ሳምንቱን ለጥ ባለው የታችኛው መንገድ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ሲመላለስ ካሮት ምንም አላለችም። እሁድ ባለቤቱ ለእህቷ ተኩሳ ያጣጠፈችውን ንጹህ አንሶላ ይዛ፣ ሻርፗን አስራ ከጎኑ ተቀመጠች። ሰፈሩ ወጥቶ ሸኛቸው። አንዱ ጎረቤት «ጋሼ፣ ጣራዋ ላይ ያለው ሳጥን ወደቀ?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። አሰልጣኙም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እየሳቀ እጁን አወዛወዘ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ባለቤቱ ናት የነገረችኝ።

ዳገቱ ግማሽ ላይ ሞተሩ ጮኸ። ካሮት ደከመች። ነዳጁን ሲጨምር ጩኸቱ ይጨምራል እንጂ መኪናዋ ያው ናት፤ ቀጥሎ ያ ሽታ መጣ። ባለቤቱ ክፋት አስባ አይደለም፣ የተማረችውን ቃል ነው የደገመችው።

«እግርህ ነው እንዴ?»

ወደ ታች አየ። የግራ እግሩ ከፍሪሲዮኑ ርቆ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። ሌላ ቦታ ሊያገኘው የፈለገ ይመስል ደግሞ አየው።

«አይደለም» አለ።

ያን ጊዜ አውቶቡሱ አለፋቸው። ያው የሚያጥወለውላት አውቶቡስ ነው፤ ሰው በየመስኮቱ ተጠግቶ ብርቱካንማዋን መኪና አየ። ካሮት መንገዱ ዳር ቆመች። ባለቤቱ አንሶላዋን ታቅፋ ወረደችና፣ «አንተ ተመለስ፣ እኔ ቀጣዩን አውቶቡስ እጠብቃለሁ» አለችው። እሱም በፍሬን እየያዘ ቁልቁል መለሳት።

መካኒኩ ብዙ አልፈጀበትም። «ፍሪሲዮኑ አልቋል። ዲስኩ ወረቀት ሆኗል» አለው። «ደግሞ የዛሬ አይደለም፣ ቆይቷል። ሜዳ ላይ ይደበቅሃል፣ ዳገት ላይ ግን መደበቂያ የለውም።» ሥራው ደግሞ የማርሹ ቤት፣ ካምቢዮው፣ ወርዶ ነው የሚሠራው። የተጠየቀው ዋጋ እነሱ ጋ አልነበረም፤ ያላቸው ሁሉ መኪናዋ ላይ አልቋል።

ማክሰኞ ልጠይቀው ገባሁ። ስለ እግሬ ክፉ ሊሰማ አልፈለገም። «ልጁ ምን ያድርግ» ይለኛል፤ «በዚያ እግሩ እየነዳ ሳያውቀው ጨርሶት ነው። እሱም ሲሰማ ይደነግጣል። አልነግረውም ብዬ እኮ ነው። ልጅ ነው፣ ከዚያ እግሩ ጋር...» እዚህ ላይ ቆመ። አፉ እንደተከፈተ ወደ በሩ፣ ከበሩ ውጭ ወደሚታየው ሽቅብ አየ።

«ያን ቀን በግራጫዋ ሲሄድ አብረሽኝ ነበርሽ» አለ።

«ነበርኩ።»

«ሞተሩ ጮኸ?»

ልዋሽለት ፈልጌ ነበር። «አልጮኸም» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ስለ መኪናም ስለ እግሬም አላነሳም። ስለ ኑሮ ውድነት አወራን። ስወጣ ግን ሹራቡን እየቆለፈ ነበር።

እግሬን ያገኘው መኪኖቹ በሚሸጡበት ግቢ ነው። አልተቆጣም፣ አልጠየቀም። «ቤት ታደርሰኛለህ?» ብቻ አለው።

«ምን ችግር አለ። ካሮትስ፣ ጋሼ?»

«አርፋለች።»

በግራጫዋ መኪና ተሳፈሩ። አሰልጣኙ በለመደው በኩል ተቀመጠ፤ ከእግሩ ስር ፍሬን የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፣ ባዶ ምንጣፍ ነው። እግሬ እያወራ ነዳ፤ ስለ ገበያው መቀዝቀዝ፣ ስለ ልጁ ጥርስ ማብቀል። ማርሹ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ እንኳን ድምፅ፣ ንቅንቅታም የለውም። አሰልጣኙ ወደ ታች አየ። የግራ እግር ረግጦ፣ ለቆ፣ ጎኑ ወዳለው ቦታ ሄዶ ያርፋል። እንዲህ ያለ ንጹህ እግር ስንት ሰልጣኝ ላይ እንዳየ እንጃ። የትም ማሰልጠኛ ለማሳያ የሚሆን እግር ነው።

እግሬ ወሬውን አቆመ። አሰልጣኙ የት እያየ እንደሆነ ገባው።

ቀስ ብሎም የግራ እግሩን ከምንጣፉ አነሳና ፍሪሲዮኑ ላይ አሳረፈው። ሞተሩ ጮኸ።

አሰልጣኙ ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እግሩን አስታወሰው» አለኝ። «ካስተማርኳቸው ሁሉ አንዱ፣ እግሩን አስታወሰው።»

መኪናው ውስጥ ግን «እግርህን አንሳ፣ ይበቃል» ነው ያለው።

እግሬ አነሳ። ብዙ መንገድ ሄዱ። ከዚያ እግሬ ነው የተናገረው፤ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ደህና ናት አላልኩም። አንድ ቀን እንኳ አላልኩም። ምንም የላትም ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ሰው ሁሉ መካኒክ ይዞ ነው የሚመጣው። አይተዋት ስንቶቹ ጥለዋት ሄደዋል። እርስዎም ይዘው ቢመጡ እኔ እምቢ እል ነበር?»

«አትልም ነበር» አለ አሰልጣኙ። ቀጥሎም «እግርህ መቼ ነው የተወህ?» ብሎ ጠየቀው።

እግሬ አሰበ። እውነቱን ሲናገር ደስ የሚያሰኘው መስሎት እንደሆነ አላውቅም፣ «ፈተናውን ሳልፍ» አለ። «ከዚያ ወዲህ አርፎበት አያውቅም። በደንብ አስተምረውኛል እኮ፣ ጋሼ።»

«እዚህ አቁም።»

«ገና ነው፣ ቤትዎ እኮ—»

«አቁም።»

ወረደና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ሰልጣኝ በር ሲወረውር የማይወድ ሰው ነው፤ ያን ቀንም አልወረወረም። የቀረውን መንገድ በእግሩ ሄደ።

ባለቤቱ ከሥራ ስትመጣ እጇ በእንፋሎቱ እንደቀላ ነው። አስቀምጦ ሁሉንም ነገራት፣ አላስቀረም።

«ይመልሳል?» አለች።

«አይመልስም። እንዳለች ተረክቤያለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ።»

ጫማዋን አወለቀች፣ ጎን ለጎን አስተካክላ አስቀመጠችው። «እኔ እኮ ሸቶኝ ነበር» አለች።

«አዎ» አላት። «ሸቶሽ ነበር። እኔ ነኝ ያሳቅኩሽ።»

እግሬ ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ብቅ አላለም። ካሮት ግቢው ውስጥ ጥግ ይዛ፣ አሮጌ አንሶላ ለብሳ ቆማለች፤ የዲስኩ ዋጋ እስኪጠራቀም ነው። ሰፈሩም ስለ ሳጥኑ መቀለዱን ተወ። ባለቤቱ እሁድ እሁድ አውቶቡሱን ትጠብቃለች፤ መስኮት ዳር ከተገኘ መስኮት ዳር፣ ካልተገኘም አንድ ባዶ ፌስታል ቦርሳዋ ውስጥ አለ። እሱም ፌርማታው ድረስ አንሶላውን ተሸክሞ ይሸኛታል። አንዳንዴ ክንዱን ትይዘዋለች፣ አንዳንዴ አትይዘውም።

በዚህ ወር የእህቴን ልጅ አሰልጣኙ ጋ አስመዝግቤያታለሁ። የመጀመሪያ ቀን ከመሄዷ በፊት እኔም እንደ አዋቂ «እግርሽን ነው የሚያየው፣ ጥሩ ጫማ አድርጊ» ብዬ መክሬ ላክኋት። ስትመለስ ፊቷ ጥያቄ ነበር።

«አክስቴ፣ ገና መኪናዋ ስትንገጫገጭ ‹እግሬ ነው፣ ጋሼ› አልኩት። እንደሱ ይባላል ብለሽኝ የለ?»

«እሺ፣ ምን አለ?»

«ምንም። አስቆመኝ፣ ወርዶ ዞረና በኔ ቦታ ተቀመጠ። ራሱ ነዳ፣ ዳገቱን ወጣ፣ ተመለሰ። ከዚያ ‹መኪናዋ ደህና ናት፣ ያንቺ እግር ነው› አለኝ። አልሳቀም። ይሄ ሰውዬ እግር ያያል ብለሽኝ አልነበር? መንገዱን ብቻ ነው የሚያየው።»

«ቁርስ መብላትሽንስ አላወቀብሽም?»

«ቁርስ?» አለች። «እንዴት አድርጎ ያውቃል?»